ታናሽ ወንድማችሁ «ድሮን ምንድን ነው?» ቢላችሁ ምን ትመልሱለታላችሁ?

ሌላ ከተማ ላለ ልጅ «ድሮን» ሲባል ትዝ የሚለው የሰርግ ቪዲዮ ሊሆን ይችላል። ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬና በዙሪያው ባለው የምዕራብ ጎጃም ገጠር ላለ ልጅ ግን ቃሉ ሲጠራ ቀድሞ የሚመጣበት ፍርሃት ነው።

ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ፍኖተ ሰላም ላይ በደረሰው የአየር ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን የሆስፒታል ምንጮች ለመገናኛ ብዙኃን ተናግረዋል። ብዙዎች የድሮን ጥቃት ነው ያሉት። በማግሥቱ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን ጨምሮ በተለያዩ ቦታዎች በሰላማዊ ሰዎች ላይ ጉዳት መድረሱን የሚያመለክቱ ተዓማኒ ሪፖርቶች እንዳሉት ገልጿል።

ስለዚህ እዚህ አካባቢ ለልጅ ስለ ድሮን ሙያ ስናወራ ይህን ዘለን ማለፍ አንችልም። ያየውን «ምንም አይደለም» ብንለው አያምነንም። እውነቱን በልኩ ንገሩት፤ ከዚያ ነገርየው እንዴት እንደሚሠራ አሳዩት። አሠራሩን ያወቀ ልጅ ፍርሃቱ ባይጠፋ እንኳ ጥያቄ መጠየቅ ይጀምራል። ሙያም የሚጀምረው ከጥያቄ ነው።

🔹 ሁሉም ድሮን አንድ አይደለም

ድሮን ማለት አብራሪው ውስጡ ያልተቀመጠበት በራሪ ነው፤ በአማርኛ «ሰው አልባ አውሮፕላን» እንለዋለን። የእንግሊዝኛው ቃል ሌላው ትርጉሙ ወንድ ንብ ነው።

ልዩነቱን በቁጥር እንየው። ለጦርነት የተሠራው የቱርኩ ባይራክታር ቲቢ2 ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 12 ሜትር፣ ሲነሳ ክብደቱ እስከ 700 ኪሎ ነው። ለቪዲዮ የሚውለው ዲጄአይ ሚኒ ደግሞ 249 ግራም ብቻ ይመዝናል፤ አየር ላይ የሚቆየውም ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ለተማሪዎች የተሠራው ቴሎ 80 ግራም ገደማ ነው።

🔹 እንዴት ይበራል?

ትንሹ ድሮን አብዛኛውን ጊዜ አራት ተሽከርካሪ ክንፎች አሉት። ሁለቱ በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ፣ ሁለቱ በተቃራኒው ይዞራሉ። ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ቢዞሩ ድሮኑ ራሱ እንደ እንዝርት ይሽከረከር ነበር። ወደፊት እንዲሄድ የኋላዎቹ ፍጥነት ይጨምራሉ፤ ድሮኑ ወደፊት ያዘነብልና ይሄዳል።

ሚዛኑን የሚጠብቅለት ጋይሮስኮፕ የሚባል መለኪያ ነው። ስልካችሁ ላይ የመኪና ጌም ስትጫወቱ ስልኩን ስታዘነብሉት መኪናው የሚታጠፈው በዚሁ ዓይነት መለኪያ ነው። ጂፒኤስ፣ ካሜራና ባትሪም ስልካችሁ ውስጥ አሉ። በአጭሩ ድሮን ማለት ክንፍ ያወጣ ስማርት ስልክ ነው በሉት።

🔹 ሥራው ምንድን ነው?

ማብረር ብቻ አይደለም፤ እንዲያውም ብዙው ሥራ መሬት ላይ ነው።

▪️ ግብርና፦ የአሜሪካ መጤ ተምች በ2009 ዓ.ም. አገራችን ከገባ ወዲህ በቆሎ ላይ ብዙ ጉዳት አድርሷል። ገበሬው መድኃኒት የሚረጨው በጀርባው አዝሎ ነው፤ ኬሚካሉ እሱንም ያገኘዋል። አግራስ ቲ40 የተባለው የርጭት ድሮን 40 ሊትር ይይዛል። የአንድ ገበሬ ማሳ ትንሽ ስለሆነ ለብቻ መግዛት አያዋጣም፤ በኩታ ገጠም ለሚያርሱ ግን በጋራ አገልግሎት ሊሰጥ የሚችል ሥራ ነው።
▪️ ካርታና ልኬት፦ መሬት፣ መንገድ፣ የመስኖ ቦይ ከላይ አንስቶ በኮምፒውተር ካርታ ማድረግ።
▪️ ሕክምና፦ ሩዋንዳ ውስጥ ዚፕላይን የተባለው ድርጅት ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደም በድሮን ለገጠር ሆስፒታሎች ያደርሳል፤ ዕቃው በፓራሹት ነው የሚወርደው። ወላድ ደም ሲፈስሳት መንገድ ከተዘጋ ይህ ምን ማለት እንደሆነ የእኛ ገጠር ሰው ያውቀዋል።
▪️ ጥገና፣ ፕሮግራም መጻፍና ቪዲዮ።

«ይሄ ለእኛ አይሆንም» የሚል ካለ ማላዊን ይይ። ዩኒሴፍ በ2020 እ.ኤ.አ. እዚያ የአፍሪካ ድሮንና ዳታ አካዳሚን ከፍቶ ወጣቶችን ድሮን መገጣጠም፣ ማብረርና ዳታውን መተንተን አስተምሯል።

🔹 ያለ ድሮን መጀመር ይቻላል?

አዎ፤ እዚህ አካባቢ ደግሞ መጀመር ያለበት ያለ ድሮን ነው።

1. ትንንሾቹ ከደብተር ወረቀት ሄሊኮፕተር ቆርጠው ከፍ ካለ ቦታ ይልቀቁት። ክንፎቹን በተቃራኒ አጥፈው ሲለቁት በየት በኩል ይዞራል? እነሱ ይመልሱ።
2. ከ8 ዓመት በላይ የሆኑት ስክራች ይሞክሩ። ነፃ ነው፣ በአማርኛም ይሠራል። ኔት ስታገኙ አውርዳችሁ አስቀምጡላቸው።
3. እናንተ ደግሞ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠና ፕሮግራሚንግና ዳታ ሳይንስ በነፃ መማር ትችላላችሁ።
4. ሒሳብና ፊዚክስ አይዘለሉ። ማዕዘን፣ ፍጥነት፣ ኃይል — ድሮን በቃ ይሄው ነው። ትምህርት ቤት ከተዘጋ በቤት መጽሐፉን አብራችሁ ክፈቱ።

ወደፊት ኤሌክትሪካል ወይም ኮምፒውተር ምህንድስና፣ የመሬት ልኬት፣ የዕፅዋት ሳይንስ ሁሉም ወደዚህ ሙያ ያስገባሉ።

⚠️ ይህን ግን አደራ

▪️ ድሮን ወደ አገር ለማስገባትም ሆነ ለማብረር የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ጉዳዩን የሚመለከተው በዋናነት ኢንሳ ነው። ዘመድ ከውጭ ይዞላችሁ እንዳይመጣ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ጉምሩክ ይይዘዋል።
▪️ ግጭት ባለበት አካባቢ መጫወቻ ድሮን እንኳ አታብርሩ። ከታች ያለው ሰው መጫወቻ ይሁን ሌላ በምን ያውቃል? የሚደነግጥ አለ፣ የሚተኩስም አለ።
▪️ ልጆች ሜዳ ላይ የወደቀ ብረት፣ ባትሪ ወይም የማያውቁት ዕቃ ካዩ አይንኩ፣ አይርገጡ፣ ድንጋይም አይወርውሩበት። በመጡበት መንገድ ተመልሰው ለትልቅ ሰው ይንገሩ።

የሰማይ ድምፅ ሲሰማ አልጋ ሥር የሚገባ ልጅ ካላችሁ መጀመሪያ እቀፉት። ሲረጋጋ ወረቀቱንና መቀሱን አምጡ።

ታናሽ ላለው ሁሉ ሼር አድርጉት።