ፍርስራሽ፣ ብቸኝነትና የጥያ ትክል ድንጋዮች

በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፓሪስ ፍርስራሽ ትወድ ነበር። ሮኮኮ የሚባለው የሥዕል ስልት የታወቀው በመኳንንት ሽርሽር፣ በፍቅር ጨዋታና በለስላሳ ቀለሙ ነው። ወደ ማምሻው ግን የፈረሰ ቤተ መቅደስና የወደቀ ዓምድ ገባበት። የዚህ ወገን ስመ ጥር ሠዓሊ ኡቤር ሮቤር ነው። 11 ዓመት ሮም ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1765 ወደ ፓሪስ ተመለሰ፤ «የፍርስራሾቹ ሮቤር» የሚል ቅጽልም ወጣለት። በሥዕሎቹ ውስጥ ግን ሰው አይታጣም። በጥንቱ የሮም ቅስት ሥር ሴቶች ልብስ ያጥባሉ፤ ከብት ውኃ ይጠጣል።

ፈላስፋው ዲድሮ ይህን አልወደደለትም። በ1767ቱ ዐውደ ርእይ ላይ በጻፈው ሒስ፣ ሰው በዝቶብሃልና ብቸኝነቱንና ጸጥታውን የሚያጎላውን ብቻ አስቀር ሲል መከረው። ለዲድሮ ፍርስራሽ ማለት ተመልካቹ ብቻውን ቆሞ የራሱን አላፊነት የሚያስብበት ቦታ ነው።

ለመሆኑ ከሁለቱ የማን ሐሳብ ያመዝናል? ጥያቄው የእኛም ነው። ከቡታጅራ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ፣ በሶዶ ጉራጌ ምድር፣ ጥያ አለች። ዩኔስኮ በ1980 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ሥፍራ 36 ድንጋዮች ሲኖሩት፣ 32ቱ ቅርጽ የተቀረጸባቸው ናቸው። በብዙዎቹ ላይ ሰይፍ ይታያል። እኔም እዚያ ስቆም መጀመሪያ የዲድሮ ወገን እሆናለሁ፤ ነፋሱና ዝምታው ሌላ አያሳስብም።

ዳሩ ግን አርኪዮሎጂስቶች ሲቆፍሩ ከድንጋዮቹ ሥር መቃብር አገኙ። ጉልበታቸውን አጥፈው የተቀበሩ ወጣቶች ተኝተውበታል። እንግዲህ ጥያ ፍርስራሽ አይደለም። የሮቤር ቤተ መቅደስ ሥራውን ትቷል፤ የጥያ ድንጋይ ግን «እዚህ ሰው አለ» የሚለውን ሥራውን ዛሬም አልተወም። የአካባቢው ሰው «የግራኝ ድንጋይ» ይለዋል። ድንጋዮቹ ከግራኝ ዘመን የቀደሙ ናቸው፤ ቢሆንም ታሪኩ የጠፋበት ሕዝብ እንኳ ባለቤት አልባ አድርጎ አልተዋቸውም።

ስለዚህ ብቸኝነቱ የድንጋዩ ሳይሆን የእንግዳው ነው። ጎብኚ ፎቶ ሊያነሳ ሲል እረኛውን ልጅና እንጨት የተሸከመችውን ሴት «እስቲ ዘወር በሉ» ይላል፤ ባዶነቱ እንዲያምርለት። ሮቤር ቢሆን ሁለቱንም በሥዕሉ ያስገባቸው ነበር። እኔም ከእሱ ጋር ነኝ፤ ሙታኑን የሚያውቅ ባይኖር እንኳ አጠገባቸው የሚያልፈውን ሰው ከሥዕሉ ማስወጣት ሁለተኛ መቅበር ነው።