ጌዲዮን ዘላለም፦ የአንድ አማካይ ተጫዋች የመጀመሪያ ዓመታት

ጌዲዮን ዘላለም ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በርሊን ውስጥ በጃንዋሪ 1997 እ.ኤ.አ. ተወለደ። እግር ኳስን በጀርመን የታዳጊ ቡድኖች ጀምሮ፣ በ2006 ወደ አሜሪካዋ ሜሪላንድ ተሻገረ። እዚያ ሲጫወት የአርሰናል መልማዮች ዓይን ውስጥ ገባና በ2013 ወደ ለንደን አቀና።

ጃንዋሪ 24 ቀን 2014 አርሰናል በኤፍ ኤ ካፕ ኮቨንትሪ ሲቲን 4 ለ 0 ሲረታ ጌዲዮን በሁለተኛው አጋማሽ ተቀይሮ ገባ። 17 ዓመት ሊሞላው የቀረው 2 ቀን ብቻ ነበር። አርሰን ቬንገር ክለቡን ከያዙ በኋላ ተወልዶ ለዋናው ቡድን የተሰለፈ የመጀመሪያው ተጫዋችም ሆነ፤ የቬንገርን ዘመን ርዝመት ከዚህ በተሻለ የሚያሳይ ነገር ማግኘት ያስቸግራል። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ኢስታንቡል ላይ ከጋላታሳራይ ጋር በቻምፒየንስ ሊግ ተጫወተ።

ጉልበተኛም ግብ አዳኝም አልነበረም። የሚያምረው ኳስ እግሩ ሥር ሳትደርስ ቀና ብሎ ሜዳውን ማየቱና በተከላካዮች መሃል ቀጭን ቅብብል ማሾለኩ ነበር።

ለጀርመን ታዳጊዎች ተሰልፎ የነበረው ጌዲዮን በ2014 መጨረሻ የአሜሪካ ዜግነት አገኘ፤ በ2015ም በኒውዚላንዱ ከ20 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ለአሜሪካ ተጫወተ። በ2015/16 በውሰት ሬንጀርስን ተቀላቅሎ ክለቡ የስኮትላንድን ሁለተኛ ዲቪዚዮን ሲያሸንፍ አብሮ ነበር።

በ2017 ደቡብ ኮሪያ ላይ፣ በሌላ ከ20 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ፣ የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። ጉዳቱ እጅግ ክፉ ሰዓት ላይ የመጣ ነበር። ለአርሰናል አንድም የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ ሳያደርግ በ2019 ወደ ስፖርቲንግ ካንሳስ ሲቲ ተዛወረ።