ከንዳድ የተወለደው ኮሌጅ

ከጣና ሐይቅ በስተሰሜን የተንጣለለው የደንቢያ ሜዳ ለእህል የተባረከ ምድር ነው። ክረምቱ ወጥቶ ውሃው በየቦታው ሲያቁር ግን የወባ ትንኝም ትበረክታለች። በሽታው የሚጠናው ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ገበሬው አዝመራውን ለመሰብሰብ ጉልበቱን አጥብቆ በሚሻበት ወቅት ነው። አባቶች "ንዳድ" የሚሉት ይህ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1953 ደንቢያ ላይ ወረርሽኝ ሆኖ ወደ 7,000 የሚጠጋ ሰው ፈጀ።

ያን ጊዜ በኢትዮጵያ አንድም የሐኪሞች ማሠልጠኛ አልነበረም። የአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲ የተቋቋመው ከዚያ አሥር ዓመት ያህል ዘግይቶ ነው። የነበሩት ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ፣ አብዛኞቹም የውጭ አገር ሰዎች ሲሆኑ የሚሠሩትም በከተማ ነበር። የደንቢያ ገበሬ ሐኪም እስኪመጣለት ቢጠብቅ ቀድሞ የሚደርስለት ቀባሪ ነበር።

የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል በጎንደር የተከፈተው በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። መንግሥት ያቋቋመው ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ የቴክኒክ ዕርዳታ ጋር ተባብሮ ነው። ቦታውም እንዲሁ በዘፈቀደ የተመረጠ አልነበረም፤ ወረርሽኙ የገደላቸው ሰዎች መንደር ከከተማዋ ሩቅ አልነበረም።

ኮሌጁን የተለየ ያደረገው የሚያሠለጥነው ሰው ዓይነት ነው። ዓላማው ሐኪም ማውጣት ሳይሆን አብረው የሚሠሩ ሰዎችን ቡድን ማውጣት ነበር። ጤና መኮንኑ በሽተኛ ይመረምራል፣ ጤና ጣቢያውንም ይመራል። የማኅበረሰብ ነርሷ ቤት ለቤት እየዞረች እናቶችንና ሕፃናትን ታያለች። ሳኒታሪያኑ ምንጭ ያጎለብታል፣ መጸዳጃ ቤት ያስቆፍራል፣ ትንኝ የሚራባበትን ኩሬ ያስደፍናል። አንዱ ያለ ሌላው ጎዶሎ ነው። ትንኟ እየተራባች ክኒን ብቻ ማደል በቀዳዳ እንስራ ውሃ እንደ መቅዳት ነውና።

የተማሪው ሕይወትም በግቢው አጥር የተወሰነ አልነበረም። የሦስቱ ሙያ ተማሪዎች እንደ ቆላ ድባ ባሉ ጤና ጣቢያዎች በቡድን ይሰማሩ ነበር። ጤና መኮንን የሚሆነው ተማሪ ትምህርቱን ሲጨርስ ደግሞ የመስክ ልምምድ ይጠብቀዋል። በክፍል ውስጥ ስለ ተቅማጥ የተማረው ልጅ የመንደሩን ምንጭና የከብቱን መጠጫ አንድ ላይ ሲያይ፣ መጽሐፉ ያልነገረውን ከገበሬው ይማራል።

እ.ኤ.አ. በ1958 በአገሪቱ ሰፊ ክፍል የተነሣው የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150,000 ያህሉን እንደ ገደለ ይገመታል። በደንቢያ የታየው አደጋ የደንቢያ ብቻ እንዳልነበር ያን ጊዜ ግልጽ ሆነ። በማግስቱ ዓመት ወባን ለማጥፋት ራሱን የቻለ ድርጅት ተቋቋመ።

ኮሌጁ እ.ኤ.አ. በ1961 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አካል ሆነ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ደግሞ በምሥራቅ ጀርመን የላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ድጋፍ ሐኪም ማሠልጠን ጀመረ። ለዚያ ሁሉ ሕዝብ የነበሩት ሐኪሞች እጅግ ጥቂት ነበሩና ውሳኔው ምክንያት አልነበረውም ማለት አይቻልም። ነገር ግን ሐኪሙ ሲገባ ጤና መኮንኑ ወጣ፤ ሥልጠናው ለዓመታት ተቋረጠ። አንዱን ለማግኘት ሌላውን መጣል ግድ አልነበረም።

የጣሉትን ማንሣት ደግሞ ጊዜ ይወስዳል። የጤና መኮንን ሥልጠና የተመለሰው በ1990ዎቹ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2005 መንግሥት በሺዎች የሚቆጠሩ ጤና መኮንኖችን በተፋጠነ ፕሮግራም ለማሠልጠን ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረውና ከ30,000 በላይ ሴቶችን በየቀበሌው ያሰማራው የጤና ኤክስቴንሽንም ቢሆን መሠረተ ሐሳቡ ጎንደር ላይ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት የተሞከረው ነው፦ በሽተኛው እስኪመጣ አትጠብቅ፣ አንተ ሂድ።

ይህ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. ከጥር እስከ ጥቅምት 2024 ድረስ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ ታሟል፤ ከ1,100 በላይ ሰው ሞቷል። ጦርነት መንገድ ሲዘጋ፣ ጤና ጣቢያ ሲዘረፍ፣ ባለሙያው ደመወዙ ኑሮውን አልሸፍን ብሎት ሥራውን ሲለቅ፣ ትንኟ የምትሻውን ሁሉ ታገኛለች።

ዛሬ በጎንደር ትልቅ ዩኒቨርሲቲና ትልቅ ሆስፒታል አለ፤ የሚያኮራ ነው። የዚያ ኮሌጅ ውጤት የሚለካው ግን በሕንፃው ከፍታ አልነበረም። መለኪያው በመስከረም ወር፣ ውሃው ሲያቁር፣ ደንቢያ ድረስ የሚወርድ ሰው አለ ወይስ የለም የሚለው ነበር። ዛሬስ መለኪያው ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?