ሮብ የቆረቆራት ከተማ

ከደጀን ተነስቶ በቢቸና በኩል ወደ ሞጣ የሚያቀና መንገደኛ ለረጅም ሰዓት ከሜዳ አይወጣም። አገሩ በምዕራብ የጮቄ ተራራ፣ በምሥራቅ የዓባይ በረሃ የሚያዋስኑት ደጋ ነው። አፈሩ ዋልካ ነው፤ በክረምት እግር ይይዛል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ስመ ጥሩው ነጭ ጤፍ የሚበቅለው በዚሁ አፈር ላይ ሲሆን፣ ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ በቀረው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራበታል። ሮብ ገበያ በዚህ አገር ካሉት ትናንሽ መንደሮችና ከተሞች አንዷ ናት። እንደ ጎንደር ነገሥታት አልቆረቆሯትም፤ እንደ ድሬዳዋ ባቡር አላመጣትም። የቆረቆራት ሮብ ሮብ ሜዳው ላይ የሚሰበሰበው ገበሬ ነው። የእንዲህ ያሉ ቦታዎች ታሪክ ሲነሳ የሹማምንት ስም ይቀድማል። እኔ ግን መጀመር ያለበት ከገበያቸው ቀን ነው እላለሁ።

የገበያ ከተማ የሚቆመው ቀስ በቀስ ነው። መጀመሪያ ሜዳና ዋርካ ይኖራል። ከሩቅ የመጣ ገበያተኛ ማረፊያ ማጣቱን ያየች ሴት ጠላ ትጠምቃለች፤ አጠገቧ ማረሻ የሚያሾል ቀጥቃጭና ጋቢ የሚሠራ ሸማኔ ጎጆ ይቀልሳሉ። ጨውና አቡጀዲ የሚያመጣው ነጋዴ በቆርቆሮ የተከደነ ሱቅ ይከፍታል፤ ወፍጮ ቤቱና ትምህርት ቤቱ ይከተላሉ። የጎረቤት ገበያዎች ቀናቸው ስለሚለያይ ነጋዴው አህያውን ጭኖ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዞር ሳምንቱ ይሞላለታል። አሞሌ ጨውና የማርያ ቴሬዛ ብር መገበያያ በነበሩበት ዘመንም ዙሪቱ ይኸው ነበር።

ገበያው ውስጥ ሁሉም የየራሱ ተራ አለው። በእህል ተራ ሻጯ ጤፉን በቁና ሰፍራ ስትጨርስ ገዥዋ «መርቂልኝ» ትላለች፤ ሻጯም በእፍኟ ዘግና ትጨምርላታለች። ይህን የሚያዝ ሕግ የለም፤ የነፈገች ሻጭ ግን በሚቀጥለው ሮብ ደንበኛዋን ሌላዋ ዘንድ ታገኛታለች። በከብት ተራ ዳርቻ ደግሞ የበቅሎ ሻጭ ሰጋር በቅሎውን እያመላለሰ ያሳያል። አዋቂ ገዥ የበቅሎዋን ግርማ አያይም፤ ዓይኑ የሚያርፈው በጋላቢው ትከሻ ላይ ነው። ትከሻው ካልተነቃነቀ ዋጋ ይጠራል።

ሮብ ጾም በመሆኑ ይህ ገበያ የራሱ ጠባይ አለው። ቅቤው ይሸጣል እንጂ አይበላም፤ በሬው ይነዳል እንጂ አይታረድም። አጥባቂው ገበሬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ አይቀምስም። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ግን ሮብ ስለሚፈሰክ የገበያው መልክ ይለወጣል፤ ሥጋውም ጠጁም ይቀርባል።

ጨዋታውም ከዚሁ ኑሮ የወጣ ነው። ገበያ ውሎ የመጣ ሰው ጠላ ቤት ጎራ ሲል አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ይጠብቀዋል። መኸሩ ተሰብስቦ ገና ሲደርስ ወጣቱ በየአጥቢያው ተከፍሎ ሩሯን በገና ዱላ ያሳድዳል፤ በዚያ ሜዳ ላይ ሎሌ ጌታውን ቢጋፋ ጌታ አይቆጣም ነበር። በጥምቀት ፈረሰኛው ጉግስ ይገጥማል፤ ኮበሌው ለወደዳት ልጅ ሎሚ ይወረውራል።

ገበያ የአገር ሸንጎም ነበር። አዋጅ ነጋሪት እየተጎሰመ የሚነገረው እዚያ ነበር፤ ሙግት በዋርካ ሥር ይሰማ ነበር። በጣሊያን ወረራ ዘመን ጠላት በቢቸናና በሞጣ ምሽግ ቢሠራም ገጠሩን መያዝ አልቻለም፤ ገጠሩ የእነ አርበኛው በላይ ዘለቀ ነበር። በላይ ከድል በኋላ ቢቸናን አስተዳደረ፤ በ1937 ዓ.ም. ግን በአዲስ አበባ በስቅላት ተቀጣ። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ ደግሞ የቢቸና፣ የሞጣና የዳሞት ገበሬ ገማቾቹን አላስገባም አለ። ምርት መገመት መሬት መለካትን፣ መሬት መለካትም ርስት መነቀልን ያስከትላል ብሎ ሰግቶ ነበር። መንግሥት ጦርና አውሮፕላን ላከ፤ ገበሬው ግን አልተበገረም። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሱ፤ ግብሩም ሳይሰበሰብ ቀረ።

ሰው ለገበያ ሲል ምን ያህል እንደሚደክም የሚያሳየው ከሞጣ ወደ ዓባይ ወርደው የሚያገኙት ሰባራ ድልድይ ነው። በ17ኛው መቶ ዘመን የተሠራውን ይህን ድልድይ በወረራው ጊዜ አርበኞች ቅስቱን አፈረሱት። ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት ጎጃሜውና ጎንደሬው በገመድ ታስረው፣ በሁለቱም ወገን ሰው እየጎተታቸው ከገደሉ በላይ ተሻገሩ። በ1994 ዓ.ም. ድልድዩ በአንድ የውጭ በጎ አድራጊ ድርጅትና በአካባቢው ሰዎች ጉልበት ተጠገነ፤ ጥገናውን ጎርፍ ሲወስደውም ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ።

ዛሬ ጤፉ በጭነት መኪና ተጭኖ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ዋጋውም በስልክ ይጠየቃል። ይህ ለገበሬው በጎ ነው። የሚያሳስበኝ የገበያውን ዘመን የሚያውቁ ሽማግሌዎች ሳይጠየቁ ማለፋቸው ነው። ገበያውን ማን አስጀመረው? በማን ዘመን ቦታ ለወጠ? በዋርካው ሥር እነማን ዳኙ? የገናውን ሜዳ ማን አረሰው? በቢቸናና በሞጣ ያሉ መምህራን ለተማሪዎቻቸው ይህን የቤት ሥራ ቢሰጡ በአንድ ዓመት አንድ መጽሐፍ ይወጣዋል። ነገሥታቱ ዜና መዋዕል ጸሐፊ ነበራቸው፤ ሮብ ገበያን የሚጽፋት ግን የራሷ ልጅ ብቻ ነው።