ሰርቪስ የወጡት መምህራን

በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን፣ ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ፣ ለአንድ ዓመት ወደየጠቅላይ ግዛቱ መላክ ጀመረ። መጠሪያው «የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት» ነበር፤ ሁላችንም ግን «ሰርቪስ» እንለው ነበር። ዓመቱን ያላገለገለ ዲግሪ አያገኝም ነበር። ዛሬ በፌሎሺፕ ስም ወጣቶችን ለአመራርና ለዜግነት ተሳትፎ እናሠለጥናለን የሚሉ ሁሉ ይህን ታሪክ ቢያውቁት እወዳለሁ።

መነሻው የመምህር እጥረት ነው። ትምህርት ቤቶች ሲበዙ የሚያስተምርባቸው ታጣ። ሒሳብና ሳይንስ በብዙ ቦታ በህንዶች እጅ ነበር። በ1955 መግቢያ ላይ ደግሞ ወደ 280 የሚጠጉ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባላት መጡ። ኃላፊያቸው ሃሪስ ዎፎርድ ቀደም ሲል የፕሬዚዳንት ኬኔዲ የሲቪል መብት አማካሪ ነበሩ። የአሜሪካ ወጣት ባሕር ተሻግሮ መጥቶ ካስተማረ፣ ያገሩን ልጅ ምን ያግደዋል?

እኔ የሰርቪስ ፍሬ ነኝ። በ1960 ጎጃም፣ ቢቸና ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ጂኦግራፊ ያስተማረን የአዲስ አበባ ልጅ፣ አክስቴ ቤት ጓዳ ተከራይቶ ይኖር ነበር። ማታ ማታ ገበሬዎች ወረቀት በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይመጣሉ። «መምህር፣ ይችን ያንብቡልን» ይሉታል፤ እሱም በኩራዝ ያነብላቸዋል፣ መልሱንም ይጽፍላቸዋል። ራፖር ጻፊ የሚያስከፍላቸውን እሱ በነጻ ያደርግላቸው ነበር። እኔ መብራት ያዥ ነበርኩና ክርክሩን ሁሉ ሰማሁ፤ የወንድማማች የርስት ሙግት፣ የድንበር ነገር፣ የግብር ደረሰኝ።

በዚያው ዓመት አዲሱ የግብርና ገቢ ግብር ታወጀ። የጎጃም ገበሬ መሬቱን ለክተው ርስቱን ሊነጥቁት እንደሆነ አምኖ ተነሣ። ጦር ዘመተበት። ኋላ ግን ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቍ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፤ ውዝፉም ግብር ተሰረዘ። መምህራችን በየካቲት 1957 «መሬት ለአራሹ» ብለው ከወጡት ተማሪዎች ጋር ተሰልፎ ነበር። እኛ አገር ሲመጣ ያገኘው ግን አራሹ ራሱ ባለ ርስት ነኝ የሚልበት፣ መሬቱ በዘር የሚወርድበት፣ ለመንግሥት ልኬት በሩን የዘጋ ሕዝብ ነው። መፈክሩ የተወለደው ከደቡቡ ጭሰኛ በደል ነው፤ እውነትም ነው። የቢቸና ገበሬ ግን ሌላ ጥያቄ ነበረው፤ መምህራችን ያን ጥያቄ ያገኘው በኩራዝ ብርሃን ካነበበው ማመልከቻ ውስጥ ነው። እኔ የአመራር ትምህርት የምለው ይህን ነው። ስብሰባ መምራትና ንግግር ማሳመር ኋላም ይደረስበታል፤ የራስን መፈክር ከሰው ኑሮ ጋር አስተያይቶ ማረም ግን ሰው መሐል ካልኖሩ አይመጣም።

ሰርቪሱን ያሰበው ሰው አንድ ነገር በብልሃት አድርጓል፤ ተማሪው አገልግሎ ወደ ስድስት ኪሎ ይመለስ ነበር። ቢቸናን፣ ጊምቢን፣ ነገሌን ያየ ሰው ዶርም ገብቶ ካላየው ጋር ይከራከራል። በሌላ በኩል ደግሞ የተማሪው ጥያቄ በእነሱ በኩል ወደየአውራጃው ትምህርት ቤት ገባ። የተማሪው ንቅናቄ ከአዲስ አበባ ወጥቶ አገር ያዳረሰው በከፊል በሰርቪስ መምህራን ነው።

በ1967 እኔም ዘማች ሆንኩ። ወደ 60 ሺህ የሚጠጋ ተማሪና መምህር በእድገት በኅብረት ዘመቻ ሲበተን ወላይታ ደረሰኝ። የካቲት 25 የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ እዚያ እልልታ ሆነ። ጎጃም የተመደበ ጓደኛዬ ግን ገበሬው ፊቱን እንዳጠቆረበት ጻፈልኝ። ብዙ ዘማች በዚህ ተደናገጠ፤ እኔ ግን የቢቸናን ገበሬ ስለማውቅ አልተደናገጥኩም። ነገር ግን ዘመቻው ከሰርቪስ የተለየ ነበር። ሰርቪስ የወጣው ልጅ የአንድ ከተማ መምህር ነው፤ ቤት ይከራያል፣ እድር ቤት ይጠራል። ዘማቹ ግን በደርግ ትእዛዝ በጣቢያ የሰፈረ ነው። ገበሬውም ይህን ለይቶ ያውቃል።

ዩኒቨርሲቲው ለዘመቻው ሲዘጋ የሰርቪስ ዓመትም ተቋረጠ። ሰርቪስ ያነቃው ትውልድ ግን ገና በንጉሡ ዘመንም ቢሆን በሕግ የሚሠራበት ቦታ አልነበረውም። የፖለቲካ ፓርቲ አይፈቀድም ነበር። ፓርላማው ዘውዱን አይነካም ነበር። የቀረው የተማሪዎች ማኅበር ነበር፤ የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በታኅሣሥ 1962 ተገደለ። ማመልከቻ መጻፍ የለመደው ወጣት ማመልከቻውን የሚቀበለው አጥቶ በኅቡዕ መደራጀት ጀመረ፤ ከክፍል ጓደኞቼም በቀይ ሽብር ያለቁ አሉ። እነዚህ ልጆች አገር ለመምራት የሚበቃ ዕውቀት ነበራቸው፤ ሙያቸውን የሚያሳዩበት የቀበሌ ወንበር እንኳ በጊዜው ተከፍቶላቸው ቢሆን ኖሮ ብዙዎቹ እሱን ይመርጡ እንደነበር አምናለሁ።