አናፈርስም ያለው የግንባታ ሠራተኛ

እ.ኤ.አ. በ1971 ሐንተርስ ሂል በተባለው የሲድኒ ሰፈር የሚኖሩ 13 ሴቶች ወደ ግንባታ ሠራተኞች ማኅበር ሄዱ። ኬሊስ ቡሽ የምትባለው የወንዝ ዳር ጫካቸው ለውድ መኖሪያ ቤቶች ልትመነጠር ነበር። ባለሥልጣናትን ደጅ ጠንተው መፍትሔ አላገኙም። የማኅበሩ ጸሐፊ ጃክ ማንዲ ነበር።

ማንዲ በ1929 ማላንዳ በምትባል የኩዊንስላንድ ገጠር ተወልዶ፣ በ19 ዓመቱ ራግቢ ሊጫወት ሲድኒ ገባ፤ የእንጀራ ገመዱ ግን የግንባታ ጉልበት ሥራ ሆነ። በ1968 የኒው ሳውዝ ዌልስ ቅርንጫፍ ጸሐፊ ሆኖ ሲመረጥ፣ የማኅበሩ ሹማምንት ደመወዝ ከተራው ሠራተኛ እንዳይበልጥ፣ የሥልጣን ዘመናቸውም እንዲገደብ ታገለ።

ለሴቶቹ የሰጠው መልስ ግልጽ ነበር፤ መጀመሪያ የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ ይጠይቀን አላቸው። ወደ 600 ሰው ተሰበሰበና ማኅበሩ ሥራውን አገደ። ቤቶቹን ሊሠራ የነበረው ኩባንያ የማኅበር አባል ባልሆኑ ሠራተኞች እቀጥላለሁ ሲል፣ በሌላ ሕንፃው ላይ የተሠማሩት ሠራተኞች መሣሪያቸውን አስቀመጡ። ከጫካዋ አንዲት ዛፍ ብትቆረጥ ይህ ሕንፃ በጅምር ይቀራል ሲሉም ወሰኑ። ጫካዋ ተረፈች።

«አረንጓዴ እገዳ» የተባለው ትግል የተጀመረው እንዲህ ነው። እስከ 1974 ድረስ ከ40 በላይ እገዳዎች ተጣሉ። ለኦፔራ ሃውስ መኪና ማቆሚያ ሊቆረጡ የነበሩ የሾላ ዘመድ ዛፎችና የዘ ሮክስ ጥንታዊ ሰፈር ከጥፋት የዳኑትም በዚሁ ነው። በጥቅምት 1973 ማንዲ ዘ ሮክስ ውስጥ ማፍረሱን ሲቃወም ፖሊሶች እጅና እግሩን ይዘው ተሸክመው ወሰዱት።

ዋጋው ከባድ ነበር። የማኅበሩ አገር አቀፍ አመራር ቅርንጫፉን ተቆጣጥሮ ማንዲንና ጓዶቹን ከአባልነት አባረረ። ሰውየው ግን ከነዋሪዎች ጎን አልራቀም። በ1984 የሲድኒ ከተማ ምክር ቤት አባል ሆኖ ተመረጠ፤ የፕላን ኮሚቴውንም መራ። ትናንት ከመንገድ ላይ ሲሟገትለት የነበረውን የከተማ ፕላን አሁን ከወንበሩ ሆኖ መረመረ። በ1987 የክፍለ ግዛቱ መንግሥት ምክር ቤቱን በተነ። በ1995 ደግሞ የክፍለ ግዛቱ መንግሥት የታሪካዊ ቤቶች ጥበቃ ተቋም ሰብሳቢ አድርጎ ሾመው።

ማንዲ በ2020 በ90 ዓመቱ አረፈ። እንዲፈርስ ተፈርዶበት የነበረው ዘ ሮክስ ዛሬ ከሲድኒ ዋና የቱሪስት መስህቦች አንዱ ነው፤ አንዱ ጎዳናም በስሙ ይጠራል። ልማት አደናቃፊ ሲሉት ለነበሩት ከዚህ የተሻለ መልስ የለም።