አድሚራል ሂዌት፦ ከሴባስቶፖል ምሽግ እስከ ዐድዋው ውል

በአዲስ አበባ ከአራዳ ጊዮርጊስ ተነሥቶ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል የሚወርድ መንገደኛ በቴዎድሮስ አደባባይ የቆመውን የሴባስቶፖል መድፍ አምሳያ ያገኛል። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አቅራቢያ በጋፋት ያሠሩት መድፍ ስያሜውን የወሰደው በክሪሚያ ጦርነት ከተከበበችው የሩስያ የወደብ ከተማ ነው። በዚያው ከበባ ስሙ የገነነ እንግሊዛዊ የባሕር ኃይል መኮንን ከ30 ዓመታት በኋላ ዐድዋ ላይ ከኢትዮጵያ ጋር ውል ተፈራርሟል። እርሱም ሰር ዊልያም ሂዌት ነው።

የጦር ሜዳ ሕይወቱ

ሂዌት እ.ኤ.አ. በ1834 ተወለደ። በ20 ዓመቱ በሴባስቶፖል ግንባር መድፍ ሲያዝ ሩስያውያን ተቃረቡ፤ መድፉን አበላሽቶ እንዲያፈገፍግም ትእዛዝ ደረሰው። እርሱ ግን ትእዛዙ ከአለቃው የመጣ አይደለም ብሎ የምሽጉን ግንብ አስፈርሶ መድፉን ወደ ጠላት አዞረ፤ ግስጋሴውንም ገታ። ለዚህ ተግባሩ የቪክቶሪያ ክሮስ ሜዳይ ተሸለመ። በኋላም በምዕራብ አፍሪካ በአሻንቲ ጦርነት ተካፈለ፤ ከ1882 ጀምሮም የሕንድ ውቅያኖስና የቀይ ባሕር መርከቦችን አዘዘ።

የዐድዋው ውል

ግብጾች በጉንደትና በጉራዕ በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ጦር ድል ቢሆኑም ምጽዋንና ቦጎስን አልለቀቁም ነበር። በሱዳን የመሐዲስቶች እንቅስቃሴ ሲበረታ ግን የግብጽ ጦሮች በየምሽጉ ተከበቡ። ግብጽን የያዘችው ብሪታኒያም የኢትዮጵያን እርዳታ ፈለገች፤ ሂዌትንም ላከች።

ግንቦት 27 ቀን 1876 ዓ.ም. በተፈረመው ውል ዋና ዋናዎቹ ነጥቦች እነዚህ ነበሩ፦

• የጦር መሣሪያን ጨምሮ ማናቸውም የኢትዮጵያ ዕቃ በብሪታኒያ ጥበቃ በምጽዋ በኩል በነጻ ይተላለፋል፤
• የቦጎስ አገር ለኢትዮጵያ ይመለሳል፤
• ንጉሠ ነገሥቱ የተከበቡት የግብጽ ጦሮች በኢትዮጵያ በኩል ወደ ምጽዋ እንዲወጡ ይረዳሉ፤
• ጳጳሳት ከግብጽ ወደ ኢትዮጵያ እንዲመጡ የግብጽ መንግሥት ሁኔታዎችን ያመቻቻል።

ከውሉ በኋላ

ኢትዮጵያ ቃሏን ጠበቀች። ከመተማ፣ ከሰንሂትና ከአሜዲብ የግብጽ ጦሮች እንዲወጡ ረዳች፤ ራስ አሉላም በመስከረም 1878 ዓ.ም. በኩፊት መሐዲስቶችን ድል አደረጉ። ቦጎስም ተመለሰ። የምጽዋ ጉዳይ ግን ስምንት ወራት ብቻ ቆየ። በጥር 1877 ዓ.ም. ጣሊያን በብሪታኒያ ይሁንታ ወደቡን ያዘች። ውሉ ለኢትዮጵያ የሰጠው የመተላለፊያ መብት እንጂ ወደቡን አልነበረምና የወደቡ ጌታ ሲለወጥ መብቱም ፈረሰ።

ዕዳውን የከፈለው የድንበሩ ሕዝብ ነው። በግብጽ ጦር መውጣት ቂም የያዙት መሐዲስቶች በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን አቃጠሉ። ዐፄ ዮሐንስም በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ወደቁ። ሂዌት ይህን አላየም፤ በእንግሊዝ የቻነል ጓድ አዛዥ ሆኖ ካገለገለ በኋላ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1888 አርፏል።

ዛሬ የአርሶ አደሩ ማዳበሪያ በጅቡቲ ወደብ በኩል ይገባል። መርከብ ሲዘገይ እርሻው ስለሚዘገይም፣ የዚያ ውል የመጀመሪያ አንቀጽ ለምን ወደብን እንደጠቀሰ ገበሬው ያለ አስረጂ ይረዳዋል።